ከመድኃኒቱ ስም ቀጥሎ ያለው ቃል፦ «ሶዲየም»፣ «ፖታሲየም»፣ «ግሉኮኔት»

ብዙ መድኃኒቶች ደካማ አሲድ ወይም ቤዝ ስለሆኑ ብቻቸውን በውሃ እምብዛም አይሟሙም፤ ያልሟሟ ደግሞ ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ አሲዱን ከሶዲየም ወይም ከፖታሲየም፣ ቤዙን ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር አዋህደው ጨው ያደርጉታል። አዳማ ውስጥ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ግራ የሚያጋባው ከመድኃኒቱ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የዚህ ጨው ስም ነው።

ችግር፦ «ያለፈው ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ፣ ቶሎ አሻለኝ፤ የዛሬው ግን ቆየብኝ።»
ምክንያት፦ ማሸጊያውን ይዩ። ዳይክሎፌናክ ፖታሲየም ጨጓራ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል። የሶዲየሙ ክኒን አብዛኛውን ጊዜ አንጀት ሳይደርስ የማይከፈት ሽፋን አለው።
መፍትሄ፦ ለድንገተኛ የጥርስ ወይም የወር አበባ ሕመም ፖታሲየሙን ይጠይቁ። ባለሽፋኑን አይስበሩ፣ አይፍጩ። ዘገየ ብሎ ሁለቱን መደረብ ያው መድኃኒት በእጥፍ መውሰድ ነው። በአዳማ ሙቀት ላብ ሲበዛ ውሃ ሳይጠጡ መውሰድም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

ችግር፦ «ግፊት አለብኝ፣ ጨው ተከልክያለሁ፤ ሶዲየም ያለበትን ልውሰድ?»
ምክንያት፦ በ50 ሚሊግራም ዳይክሎፌናክ ሶዲየም ውስጥ ያለው ሶዲየም 4 ሚሊግራም አይሞላም። ግፊት የሚጨምረው ዳይክሎፌናኩ ራሱ ነው፤ በፖታሲየሙም ያው ነው። ሶዲየም የሚበዛው ውሃ ውስጥ ተጥሎ በሚፈላው ፓራሲታሞል ነው፦ አንዱ ፍሬ 400 ሚሊግራም አካባቢ ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን የሚመክረው ከ2,000 በታች ነው።
መፍትሄ፦ የሚዋጠውን ተራ ፓራሲታሞል።

ችግር፦ የደም ማነስ ክኒን ተቀይሮ ለውጥ ጠፋ።
ምክንያት፦ 200 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት 65 ሚሊግራም ብረት ሲሰጥ፣ 300 ሚሊግራም ፌረስ ግሉኮኔት 35 ብቻ ይሰጣል። ቁጥሩ ትልቅ፣ ብረቱ ትንሽ።
መፍትሄ፦ ፍሬውን ሳይሆን ብረቱን ቆጥረው ይተኩ። ቡና ብረቱን ስለሚይዘው ክኒኑ ከአቦሉ 1 ሰዓት ቀድሞ፣ አለዚያም ከበረካው 2 ሰዓት በኋላ ይዋጥ።

ችግር፦ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይደፈናል።
ምክንያት፦ ይህ ጨው ሆን ተብሎ እንዳይሟሟ የተሠራ ነው። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ የሩማቲክ ልብ ሕመምተኛ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋውም ለዚህ ነው።
መፍትሄ (ለሚወጋው ባለሙያ)፦ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ያህል ውሃ ጨምረው ጉብታ እስኪጠፋ በደንብ ይነቅንቁ። ከ21 ጌጅ ያልቀጠነ መርፌ ይጠቀሙ፤ ሲሪንጁ ውስጥ ሳይዘቅጥ ወዲያው፣ ሳያቆራርጡ በዝግታ ይግፉ። ከመግፋትዎ በፊት ወደኋላ ስበው ደም ከታየ ይንቀሉ፤ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል።