ባዶ ቴፕ ሳያልቅባችሁ ስራውም አንድ ድራይቭ ላይ ሳይከመር የቴፕ ላይብረሪ እንዴት ይያዛል

የቴፕ ላይብረሪ ማለት ዳታ የሚጻፍባቸው ቴፖች ተደርድረው የሚቀመጡበት ሳጥን ነው፣ ሮቦት ቴፑን እያነሳ ድራይቭ (የሚጽፈውና የሚያነበው ማሽን) ውስጥ ይከተዋል። "ባዶ ቴፕ አለቀ" ሲባል ሁሉም ሰው ቶሎ የሚያስበው ግዢ ነው። እኔ ደጋግሜ የማየው ግን ቴፑ አለ፣ ወይ በላዩ ያለው ዳታ ጊዜው አልፎ እያለ ወደ ባዶ አልተመለሰም ወይ ደግሞ ሮቦቱ በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ተቀምጧል። ስለዚ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን እዩ። እዚህ ጎንደር ብዙዎቻችን የምንነካው ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ውስጥ የምትገባ ትንሽ የኤልቲኦ (የቴፕ ዓይነት ነው) ላይብረሪ ናት፣ አሰራሩ ግን ከትላልቆቹ የሜይንፍሬም ላይብረሪዎች የመጣ ስለሆነ የነሱን ካወቃችሁ ትንሿ አትከብዳችሁም።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፣ ሜይንፍሬም ትላልቅ ባንኮች፣ አየር መንገዶች፣ መንግስታት ምናምን የሚጠቀሙበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው፣ ባክአፑንና የቆየ ዳታውን ማግኔት ቴፕ ላይ ያስቀምጣል። አይቢኤም የመጀመሪያውን የቴፕ ማሽኑን ያወጣው በ1952 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ያኔ ቴፑን እየተሯሯጠ የሚጭነው ሰው ነበር። በ1987 ስቶሬጅቴክ የሚባል ኩባንያ ወደ 6,000 ካርትሪጅ (በሳጥኑ ውስጥ ያለ ቴፕ) የሚይዝ ላይብረሪ ከነሮቦቱ አመጣ፣ ከዛ በኋላ የሰው ስራ ሮቦቱ የሚጭነውን ባዶ ቴፕ እንዳያጣ መጠበቅ ሆነ። ባዶ ስል ከካርቶን የወጣውን አዲሱን ብቻ አይደለም፣ በላዩ ያለው ዳታ ጊዜው አልፎ እንደገና እንዲጻፍበት የተፈቀደውንም ጭምር ነው፣ በሙያው ስክራች ይባላል።

1. ቁጥሩን በትክክል አውጡ

"ስንት ባዶ አለን" የሚለው ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። በቀን ስንት ይወጣል፣ በቀን ስንት ይመለሳል፣ ልዩነቱ ነው ዋናው። ለምሳሌ በቀን 8 ቴፕ የሚጽፍ ሲስተም ዳታውን 30 ቀን የሚያቆይ ከሆነ 240 ቴፕ ሁልጊዜ ተይዟል፣ ከዛ በኋላ ግን 8 ሲወጣ 8 መመለስ አለበት። 8 እየወጣ 6 ብቻ ከተመለሰ በየቀኑ 2 ይጎድላል፣ ግዢው ደግሞ 60 ቀን የሚፈጅ ከሆነ ባዶው 120 ሲቀር ጥያቄው መጻፍ አለበት፣ በዛ ላይ መጠባበቂያ ጨምሩ። የሲስተሙን ማንቂያም በዚህ ቁጥር አስተካክሉት፣ 10 ቴፕ ሲቀር የሚጮህ ማንቂያ ለግዢ አይደርስም።

ቆጠራው በየዓይነቱ ይሁን። የኤልቲኦ 9 ድራይቭ (ቁጥሩ ትውልዱን ነው የሚያሳየው) በ8 እና በ9 ላይ ይጽፋል፣ 7ን ግን አይቀበልም፣ ስለዚ መደርደሪያ ላይ ያለው የ7 ቴፕ ለሱ ባዶ አይባልም። የጽዳት ካርትሪጁንም ከባዶዎቹ ጋር እንዳትቆጥሩት።

2. የማይመለሰው ለምን እንደማይመለስ ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፣ ብዙው ቴፕ የሚገኘው እዚህ ነው። ሜይንፍሬም ላይ አንድ ጆብ (ሲስተሙ የሚያስኬደው ስራ) የማብቂያ ቀኑን 99365 ብሎ ከጻፈ ሲስተሙ "ይሄ መቼም አይነካም" ብሎ ነው የሚረዳው፣ እና ሰው ፈርቶ ሁሉንም እንደዛ ይጽፋል፣ ከዓመታት በኋላ ማን እንደጻፈው እንኳ የሚያውቅ ይጠፋል ቴፑ ግን እንደተያዘ ነው። በትንሿ ላይብረሪም ያው ነው፣ የማቆያ ጊዜው "ለዘላለም" ተብሎ የተተወ ባክአፕ አይጠፋም።

ሌላው ምክንያት አንድ ቴፕ ላይ ብዙ ፋይል መኖሩ ነው። ከሃያው ፋይል አስራ ዘጠኙ ጊዜው ቢያልፍም አንዱ በህይወት ካለ ቴፑ ሙሉ ነው። መፍትሄው ያቺን አንዷን ወደ ሌላ ቴፕ ገልብጦ ዋናውን ነጻ ማውጣት ነው፣ ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ስራ ራሱ የሚጻፍበት ባዶ ቴፕ ይፈልጋል፣ ሁለት ድራይቭም ይይዛል፣ አንዱ ሲያነብ አንዱ ሲጽፍ። ባዶው ዜሮ ከገባ በኋላ ልጀምር ካላችሁ መጀመሪያውኑ መጀመር አትችሉም።

አደራ የምለው ግን በግምት ቴፕ ወደ ባዶ አትመልሱ። የዳታው ባለቤት ክፍል፣ ፋይናንስም ይሁን ሆስፒታል፣ ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለበት በጽሁፍ ፈርሞ ይስጣችሁ፣ ቴፑ አንዴ ከተጻፈበት የታካሚው ታሪክ ወይ የሰራተኛው ደመወዝ መዝገብ ተመልሶ አይመጣም።

3. ሁለቱን መዝገብ አስታርቁ

የቴፕ አስተዳደር ሶፍትዌሩ የራሱ መዝገብ አለው፣ ላይብረሪውን የሚያዘው ሶፍትዌርም የራሱ። አንዱ "ባዶ ነው" እያለ ሌላው "የተያዘ ነው" ካለ ሮቦቱ አያነሳውም። ስለዚ በየጊዜው ማመሳሰል ነው፣ ልዩነት ከተገኘም ምክንያቱን ሳታውቁ በእጅ አትቀይሩት።

4. ባዶውን በትኑ

እንደ ስቶሬጅቴኩ ኤስኤል 8500 ያለው ትልቅ ላይብረሪ ውስጥ ሮቦቶቹ የሚሄዱበት ሐዲድ በ4 ደረጃ ነው፣ እስከ 64 ድራይቭ ይገባል። ቴፕ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚሄደው በአሳንሰር ነው፣ ሁለት ላይብረሪ ጎን ለጎን ከተያያዘ ደግሞ በመሸጋገሪያ በር። ባዶ ቴፕ ሁሉ ላይኛው ሐዲድ ላይ ተከምሮ ስራ የበዛበት ድራይቭ ታች ከሆነ ባጃጁ ሁሉ አዘዞ ተሰልፎ ተሳፋሪው ማራኪ እንደመቆም ነው፣ ቁጥሩ ሲታይ በቂ ነው ጆቡ ግን ይጠብቃል። አዲስ ቴፕ ስታስገቡ ሁሉንም በአንዱ በር አስገብታችሁ እዛው አትተዉት፣ ሶፍትዌሩ ባዶን የማከፋፈል ትእዛዝ ካለው ስራ በሌለበት ሰዓት አስኪዱት። ድራይቮቹንም እንደዛው፣ ሁሉም ትልልቅ ጆብ በአንድ ሐዲድ ድራይቮች ላይ እንዳይወድቅ ማየት ነው። አንድ ሮቦት ብቻ ያላት ትንሽ ላይብረሪ ካለቻችሁ ይሄን ዝለሉት።

5. ሰዓቱን አካፍሉ

ብዙ ቦታ ባክአፕ ሁሉ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ አንዴ ይነሳል፣ ድራይቮቹ ይሞላሉ፣ ግማሹ ጆብ ወረፋ ይይዛል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ሁሉም ስራ ፈት። የመነሻ ሰዓታቸውን አራርቁት፣ ረጅሙ ይቅደም። ጊዜው ያለፈበትን ወደ ባዶ የሚመልሰው ስራ ደግሞ ከባክአፑ በፊት ይለቅ። የሜይንፍሬም ቴፕ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በሆነው አይቢኤም ዲኤፍኤስኤምኤስ አርኤምኤም ላይ መጀመሪያ የማቆያ ደንቡ ይታያል ከዛ ጊዜው ያለፈው ይለቀቃል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብታስኬዱት ማታ የሚጻፍበት ይዘጋጃል፣ ችግር ካለም ቢሮ ውስጥ ሰው እያለ ይታያል።

6. ግዢውን ከካላንደራችን ጋር አስተካክሉ

የመንግስት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል፣ ፋይናንሱ ሂሳብ የሚዘጋውም ያኔ ስለሆነ ባክአፑ ይበዛል፣ ማለትም ብዙ ቴፕ በምትፈልጉበት ሰሞን ነው ግዢ የሚቆመው። የሰኔና የሐምሌ ቴፕ ከሚያዝያ በፊት ተጠይቆ ንብረት ክፍል ገብቶ ቢያድር ጥሩ ነው። ጥር ላይም ጥምቀት አለ፣ ከጥር 10 እስከ 12 ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ቴክኒሻን እንጥራ ብትሉ መንገዱም አያሳልፈው፣ ስለዚ ለነዛ ቀናት የሚበቃው ባዶ ቀድሞ ላይብረሪው ውስጥ ይግባ።

7. አዲሱን ቴፕ አታጣድፉት

ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ካርቶን የዓባይን በረሃ ሙቀት አልፎ የጎንደር ብርድ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ 24 ሰዓት አሳድሩት፣ እርጥበት የያዘ ቴፕ ድራይቩንም ይጎዳል። ከዛ ባርኮዱን ለጥፉ፣ ሜይንፍሬም ላይ መለያው 6 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ቴፑ ውስጥ የሚጻፈው መለያ ከላይ ከተለጠፈው ጋር አንድ ይሁን፣ የተደገመ ቁጥር እንዳይኖርም አጣሩ። ኤልቲኦ 9 ከሆነ አዲስ ካርትሪጅ መጀመሪያ ሲጫን ድራይቩ ራሱን ከቴፑ ጋር ያስተካክላል፣ እስከ 2 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ሃያ አዲስ ቴፕ ማታ ላይ አስገብታችሁ ብትሄዱ ሌሊቱን ባክአፑ ድራይቭ እየጠበቀ ያድራል፣ ቀን ቀን ጥቂት በጥቂት እየጫናችሁ ጨርሱት።