ፈጣን መኪና ላይ ኤቢኤስ ሲያስገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፌራሪ ኤፍ40 ከፋብሪካ ሲወጣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ ሥርዓት) አልነበረውም። ማክላረን ኤፍ1ም የለውም። ዶጅ ቫይፐር ኤቢኤስ ያገኘው በ2001 ሞዴሉ ነው። ስለዚህ "እውነተኛ ስፖርት መኪና ኤቢኤስ ምን ይሰራለታል?" የሚል ሰው ምሳሌ አይቸግረውም። ግን ፎርሙላ 1 ከ1994 የውድድር ዘመን ጀምሮ ኤቢኤስን የከለከለው የሾፌሩን ስራ ስለሚያቀልል ነው። የማይጠቅም ነገር ማን ይከለክላል? በጂቲ3 (በስፖርት መኪኖች) ውድድር ደግሞ ይፈቀዳል፤ እዚያ የሚነዱት ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል።

እኔ በዚህ ክርክር ብዙ አልቆይም። አንድ ሰው "አሮጌዋ ስፖርት መኪናዬ ላይ ኤቢኤስ ላስገጥም ወይ?" ሲለኝ ቀድሜ የምጠይቀው "ለየትኛው መኪና ተብሎ የተሰራ ኤቢኤስ?" ብዬ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለመጠየቅ የሚመጡ ናቸው።

ስህተት 1፦ ኤቢኤስ ፍሬን ያጠነክራል ብሎ ማሰብ

መኪናን የሚያቆመው ጎማው መንገዱን የሚይዝበት አቅም ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በጥሩ ጎማና በደረቅ አስፋልት 40 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ዝናብ ጥሎ ያ አቅም በግማሽ ቢወርድ ርቀቱ ወደ 80 ሜትር ይጠጋል። ኤቢኤስ ኖረም አልኖረም ይህ ስሌት አይለወጥም።

ታዲያ ምን ይሰራል? ፍሬን ሲያዝ ጎማው ከመኪናው ፍጥነት ጥቂት ወደኋላ ይቀራል። በደረቅ አስፋልት ላይ ይህ መዘግየት ከ10 እስከ 20 በመቶ አካባቢ ሲሆን ጎማው ከምንጊዜውም በላይ መንገዱን ይይዛል። ከዚያ አልፎ ጨርሶ ሲቆለፍ ግን መያዙ ይቀንሳል፣ መሪውም አይታዘዝም። መሪውን ወደ ግራ ቢያዞሩም መኪናው ፊት ለፊቱን ይሄዳል። ኤቢኤስ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ግፊቱን እየለቀቀና እየመለሰ ጎማው እዚያ ደረጃ እንዳይደርስ ይጠብቃል። ትልቁ ጥቅሙ ፍሬን እንደያዙ መሪ ማዞር መቻልዎ ነው። ርቀት ማሳጠሩ እንደ መንገዱና እንደ ሾፌሩ ነው። በጠጠርና በልል በረዶ ላይማ የተቆለፈ ጎማ ፊቱ ላይ ክምር ስለሚሰራ ኤቢኤስ ያለው መኪና ርቆ ሊቆም ይችላል።

ስህተት 2፦ ደካማ ፍሬን ላይ መደረብ

ይህ አጭር ነው። በደረቅ መንገድ ፔዳሉን ባለዎት ኃይል ረግጠው ጎማው አልቆለፍም ካለ፣ ኤቢኤሱ የሚሰራው ስራ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ከያዙ በኋላ ፔዳሉ ከለሰለሰም ችግሩ ያለው ሸራው፣ ዘይቱ ወይም ማቀዝቀዣው ጋ ነው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ገንዘብዎን መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ሸራና ዘይት ላይ ያውሉት።

ስህተት 3፦ ፓምፑን ብቻ ነቅሎ መምጣት

ከተገጨ መኪና ላይ የኤቢኤስ ፓምፕ በርካሽ ይገኛል። ፎቶው ላይ ሲታይ ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ብረትና ከጎኑ የተለጠፈ ኮምፒውተር ነው። "ይህን ገጥሜ አራት ሴንሰር ከሳብኩ አለቀ" ያሰኛል።

አላለቀም። እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፕሮግራም አንድን መኪና አውቆ የተጻፈ ነው። የመኪናውን ክብደት፣ የፊትና የኋላ ጎማዎቹን ርቀት፣ የካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተን ስፋት፣ የዲስኩን መጠን ታሳቢ አድርጓል። ቫልቩን ለዚህን ያህል ቅጽበት ብከፍት ግፊቱ በዚህን ያህል ይወርዳል ብሎ የሚገምተው በዚያ ነው። ከ1,500 ኪሎ መኪና ላይ ተነቅሎ 800 ኪሎ መኪና ላይ ትልቅ ካሊፐር ይዞ ሲገጠም ግምቱ ይፋለሳል። ወይ አብዝቶ ይለቃል፣ ወይ ዘግይቶ ይለቃል።

በቢኤምደብሊው ኢ46 ኤም3 ላይ የነበረው ኤምኬ60 የተባለው ኤቢኤስ በዚህ ስራ ታዋቂ ነው። በብዙ የትራክ መኪኖች ላይ ተገጥሞ ይታያል። እሱም ቢሆን ብቻውን አይሰራም። የመሪ ማዕዘን የሚያነብ ሴንሰርና የመኪናውን መዞር የሚለካ ሴንሰር ይጠብቃል። እነዚህን ካላገኘ ወይ ፕሮግራሙ ካልተስተካከለለት ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አብርቶ ይተኛል።

ከሁሉ የሚሻለው የእርስዎ ሞዴል በሌላ ዓመት ወይም በሌላ ደረጃ ኤቢኤስ ይዞ ወጥቶ ከሆነ ያንን ሙሉውን ማዛወር ነው። ሙሉውን ስል ከፓምፑ ጀምሮ ሞዞውን፣ ባለጥርሱን ቀለበት፣ ሽቦውን፣ ማስተሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን) ጭምር ነው። ሁለተኛው መንገድ ለውድድር ተብሎ የተሰራ፣ ቅንብሩ የሚለወጥ ኤቢኤስ መግዛት ነው። ቦሽ እንዲህ ያለ ይሰራል፤ ዋጋው ግን አንዳንዴ ከመኪናዋ ይበልጣል። ከሌላ ዘር መኪና ማዛወር ሦስተኛው ነው፤ እሱን ጊዜና ትዕግስት ላለው ሰው እተወዋለሁ።

ስህተት 4፦ ጥርስ አለመቁጠር

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ኮምፒውተሩ የጎማውን ፍጥነት የሚያውቀው በሴንሰሩ ስር የሚያልፉትን ጥርሶች ቆጥሮ ነው። ባለ 48 ጥርስ ቀለበት የለመደ ኮምፒውተር ባለ 44 ጥርስ ቢሰጡት ጎማው 8 በመቶ ያህል የዘገየ ይመስለዋል። አራቱም ላይ እኩል ስህተት ከሆነ ቢያንስ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። የኋላዎቹ ላይ ብቻ ከሆነ ግን መኪናው ቀጥ ብሎ በሰላም እየሄደ እያለ ኮምፒውተሩ "የኋላ ጎማ መንሸራተት ጀምሯል" ይላል። ከላይ ያልነውን ከ10 እስከ 20 በመቶ ያስታውሱ፤ 8 በመቶ ለዚያ ጎረቤት ነው። ፍሬን ገና ሲነኩ የኋላው ግፊት ይለቀቃል።

ጎማም እንዲሁ ያደርጋል። ፊት 610 ሚሊ ሜትር፣ ኋላ 650 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ጎማ ቢገጥሙ የኋላው 6 በመቶ ያህል ዘግይቶ ይዞራል። ለመልክ ሲባል ኋላ ሰፊና ረጅም ጎማ የሚያደርግ ሰው ይህን አያስበውም። መለኪያው ቀላል ነው። ጎማው መሬት የነካበት ላይ ምልክት አድርጎ መኪናውን አንድ ሙሉ ዙር መግፋት፣ የሄደበትን በሜትር መለካት፣ ከዚያ ፊትና ኋላን ማወዳደር።

የሴንሰሩ ዓይነትም ይለያል። የድሮው ሽቦ የተጠቀለለበት ማግኔት ነው፤ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ መኪናው ሲያዘግም ግን ምልክቱ ይደክማል። አዲሱ ከኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ይቀበላል፣ ቀስ ሲሉም በደንብ ያነባል። ሁለቱም ሁለት ሁለት ሽቦ ስላላቸው ከላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አንዱን ለሌላው ለተሰራ ኮምፒውተር ማሰር ልፋት ብቻ ነው። አዲሱን ዓይነት በኦም መለኪያ መፈተሽም አይመከርም፣ ሊበላሽ ይችላል።

ስህተት 5፦ ቱቦ ማቀያየር

የፊት ግራና የፊት ቀኝ ቱቦ ቢቀያየሩ በዘወትር መንዳት ምንም አይታወቅዎትም። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ይቆማል። ኤቢኤሱ ሲነሳ ግን ግራው ሊቆለፍ ሲል የቀኙ ግፊት ይለቀቃል። ግራው ይቆለፋል፣ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይወረወራል። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው። ፓምፑን ከመንቀልዎ በፊት እያንዳንዱን ቱቦ ፎቶ ያንሱ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ በማይጠፋ ቀለም ይጻፉ።

የማስተሩም ነገር አለ። ኤቢኤስ ሲሰራ ዘይቱን ወደ ማስተሩ መልሶ ይገፋል። ያለ ኤቢኤስ ተብሎ የተሰራ ማስተር ውስጥ ዘይቱን የሚያሽገው ላስቲክ በትንሿ የዘይት ቀዳዳ ላይ በዚያ ግፊት ሲመላለስ ይቆረጣል። ለኤቢኤስ የተሰሩ ብዙ ማስተሮች በዚህ ምክንያት መሃላቸው ላይ ቫልቭ አላቸው።

ስህተት 6፦ የኋላውን ግፊት ማን እንደሚቆጣጠር አለመወሰን

አሮጌ መኪኖች ላይ የኋላውን ግፊት የሚቀንስ ሜካኒካል ቫልቭ አለ። ዘመናዊ ኤቢኤስ ይህን ስራ በፕሮግራም ይሰራዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ኋላው ሁለቴ ይቀነስበታል፣ ፊቱ ብቻውን ይለፋል። ስለዚህ ቫልቩ ይወጣል።

ከወጣ በኋላ ግን አንድ ጣጣ ይቀራል፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያስበው። ኤቢኤሱ የተበላሸ ዕለት የኋላውን የሚይዝልዎ የለም። የኋላ ጎማ ቀድሞ ተቆለፈ ማለት መኪናው ይሽከረከራል። ስለዚህ ስራው ሲያልቅ የኤቢኤሱን ፊውዝ ነቅለው፣ ሰፊና ባዶ የተዘጋ ቦታ ላይ፣ በትንሽ ፍጥነት ይሞክሩት። ኋላው ቀድሞ ከተቆለፈ ካሊፐሩን ወይም ሸራውን ያስተካክሉ። የማስጠንቀቂያ መብራቱንም ያገናኙ። "ቢጫው ያስጠላል" ብለው ሽቦውን የሚቆርጡ አሉ፤ ለነዚህ መልስ የለኝም።

ስህተት 7፦ አየሩን እንደ ድሮው ማስወጣት

ፓምፑ ውስጥ ፍሬን ሲረገጥ የማይከፈቱ ክፍሎች አሉ። አየር እዚያ ከቀረ ኤቢኤሱ በተነሳ ጊዜ ወደ ቱቦው ይገባል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ዲያግኖስቲክ ማሽን አስሮ ፓምፑን እያስነሱ ማስወጣት ነው። ዘይቱም ፓምፑ የሚፈልገው ይሁን፤ ብዙ ዘመናዊ ኤቢኤሶች ቀጠን ያለ ዶት 4 ወይም ዶት 5.1 ይፈልጋሉ። ዶት 5 የሚባለው ሲልከኑ ግን ለኤቢኤስ አይሆንም። ስሙ ከ5.1 ጋር ስለሚቀራረብ ሰው ይሳሳታል።

ስህተት 8፦ እግርን አለማሰልጠን

ኤቢኤስ ሲነሳ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል። ያልለመዱት ሰዎች ይደነግጡና እግራቸውን ያነሳሉ። አይነሳም፤ ይረገጣል፣ መሪው ይዞራል።

ትራክ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። መኪናው ጉብታ ሲዘልል ወይም ጠርዝ ሲወጣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል። በዚያው ቅጽበት ፍሬን በኃይል ከተረገጠ ጎማው ወዲያው ይቆማል። ኮምፒውተሩም በረዶ ላይ ነን ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ መኪናው ይሄዳል። በጣም የሚነክስ የውድድር ሸራ ሲጨመርበት ይብሳል። መፍትሄው ለቅጽበት ለቆ እንደገና መርገጥ ነው፤ ይህን ግን በ180 እየሮጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊማሩት አይችሉም።

በነገራችን ላይ በ1980ዎቹ በሙኒክ ታክሲዎች ላይ በተደረገ ጥናት ኤቢኤስ ያላቸው መኪኖች አደጋቸው ከሌላቸው ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ሾፌሮቹ ኤቢኤስ አለኝ ብለው አነዳዳቸውን አክርረው ነበር።

ታዲያ ይግጠሙ?

መኪናው በዝናብም በዘወትር መንገድም የሚነዳ ከሆነና የራሱ ሞዴል ሙሉ ዕቃ ከተገኘ፣ አዎ፤ ሳያመነቱ። ቀላል መኪና ሆኖ ደረቅ ትራክ ላይ ብቻ የሚወጣ፣ ሾፌሩም ጎማ ሊቆለፍ ሲል እግሩ የሚሰማው ከሆነ ግን ያንን ገንዘብ ጎማና ስልጠና ላይ ባውለው እመርጣለሁ። በሁለቱ መካከል ላለ ሰው ወሳኙ ዕቃው ሳይሆን የሚገጥመው ባለሙያ ነው። ሴንሰሮቹን በማሽን ማንበብ የማይችል ጋራዥ ይህን ስራ ባይጀምረው ይሻላል።

ስራውን ከማስጀመርዎ በፊት ኢንሹራንስዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። በብዙ አገር የፍሬን ለውጥ ምርመራ ወይም ምዝገባ ይፈልጋል፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው ወረቀትም ያ ነው።