ጥይት የሚመክት መስኮት እንዴት ይመረጣል? የደረጃ ቁጥሮቹስ እንዴት ይነበባሉ?

«ጥይት የማይበሳው መስታወት» የሚለው ስም ለገበያ ይመቻል እንጂ ትክክል አይደለም። የትኛውም መስታወት የሚሸነፍለት ጥይት አለው፤ የቻለውም ጥይት ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲመታው ይለቃል። ስለዚህ ለሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ «ጥይት ይበሳዋል ወይ?» ሳይሆን «በየትኛው ጥይት፣ በምን ፍጥነት፣ ከምን ያህል ርቀት፣ ስንት ጊዜ ተመቶ ቻለ?» የሚል ነው። የመከላከያ ደረጃ የእነዚህ የአራት ጥያቄዎች መልስ በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ ነው። ቁጥሩን መልሶ መፍታት የቻለ ገዢ በቀላሉ አይታለልም።

መስታወቱን በጎን፣ በጠርዙ በኩል ቢያዩት አሠራሩ ይገባዎታል። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ መስታወቶች አሉ፤ በመካከላቸው እንደ ክር የሚታየው ፒቪቢ ወይም ፖሊዩሬቴን የተባለ ተለጣጭ ማጣበቂያ ነው፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ብዙ ጊዜ ፖሊካርቦኔት የተባለ የማይሰባበር ፕላስቲክ ይገኛል። ጥይቱ መጀመሪያ የሚያገኘው ጠንካራው መስታወት ጫፉን ይጨፈልቀዋል፣ መስታወቱም እየደቀቀ ጉልበቱን ይበላዋል። ማጣበቂያው የደቀቀውን በቦታው ይይዛል። ፖሊካርቦኔቱ ሳይሰበር ወደ ውስጥ እየጎበጠ የቀረውን ጉልበት ይጨርሳል። ቴምፐርድ የሚባለው የጠነከረ መስታወት ይህን ሥራ አይሠራም፤ አንድ ጥይት ሲያገኘው ሁለመናው ይረግፋል። በተራ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ሴኪዩሪቲ ፊልምም ስብርባሪ ይይዛል እንጂ ጥይት አያቆምም። ይህን እንደ ጥይት መከላከያ የሚሸጥልዎት ሰው ካጋጠመዎት ትተውት ይሂዱ።

እርምጃ 1፦ መጀመሪያ ጥይቱን ይወስኑ

ሥራው የሚጀምረው ከመስታወቱ ሳይሆን ከሚፈሩት መሣሪያ ነው። ትልቁ ድንበር በሽጉጥና በጠብመንጃ መካከል ያለው ነው። የ9 ሚ.ሜ ሽጉጥ ጥይት 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሰከንድ 360 ሜትር ገደማ ሲጓዝ ወደ 500 ጁል ጉልበት ይይዛል። 7.62 በ51 የተባለው የጠብመንጃ ጥይት (የመጀመሪያው ቁጥር የጥይቱ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት በሚ.ሜ ነው) በሰከንድ 838 ሜትር እየበረረ 3,400 ጁል ገደማ ይዞ ይመጣል።

ጉልበት ብቻውን ግን ሁሉንም አይናገርም። 44 ማግነም ሽጉጥ 15.6 ግራም እርሳስ በሰከንድ 411 ሜትር ሲወረውር 1,300 ጁል ገደማ ይሆናል። የ5.56 ጠብመንጃ ጥይት ክብደቱ 3.6 ግራም ብቻ ነው፤ በሰከንድ 939 ሜትር ስለሚሄድ ወደ 1,570 ጁል ይደርሳል። በጉልበት ብዙም አይራራቁም፤ ሁለተኛው ግን ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ ጉልበቱን ሁሉ በትንሽ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ለ44 ማግነም ብቻ የተሠራ መስታወት 5.56ን ያቆማል ተብሎ ሊታሰብ አይገባም።

ለገንዘብ መቀበያ መስኮት፣ ለእንግዳ መቀበያና ለሱቅ መደርደሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ሽጉጥ ነው። ጠብመንጃን ለመመከት ሲወሰን ውፍረቱ፣ ክብደቱና ወጪው በአንድ ጊዜ ይዘላሉ፤ ግድግዳውም አብሮ መለወጥ ሊኖርበት ይችላል። በደንብ የተገጠመ የሽጉጥ ደረጃ፣ በደካማ ፍሬም ከተገጠመ የጠብመንጃ ደረጃ የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል።

እርምጃ 2፦ ቁጥሩ የየትኛው መለኪያ እንደሆነ ይጠይቁ

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። «ሌቭል 3 ነው» ቢባሉ ምንም አልተነገረዎትም። ዩኤል 752 በተባለው የአሜሪካ መለኪያ ደረጃ 3 ማለት 44 ማግነም ሽጉጥ ነው። ኢኤን 1063 በተባለው የአውሮፓ መለኪያ ቢአር3 የሚባለው ደረጃ ማለት 357 ማግነም ሽጉጥ ነው። በአሜሪካው ኤንአይጄ 0108.01 ግን ዓይነት 3 የ7.62 ጠብመንጃ ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሦስት የተለያዩ መስታወቶች።

በዩኤል 752 ደረጃ 1 የ9 ሚ.ሜ፣ ደረጃ 2 የ357 ማግነም፣ ደረጃ 3 የ44 ማግነም ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በሦስት ጥይት ይፈተናሉ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እንደ መሰላል አይወጣም። ደረጃ 4 የ30-06 አደን ጠብመንጃ፣ ደረጃ 5 የ7.62 ጠብመንጃ ናቸው፤ ሁለቱም የሚፈተኑት በአንድ ጥይት ብቻ ነው። ደረጃ 6 ወደ 9 ሚ.ሜ ይመለሳል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 427 ሜትር፣ የጥይቱ ብዛት አምስት ነው። «6 ከ5 ይበልጣል» ብሎ የገዛ ሰው ጠብመንጃን ትቶ ሽጉጥ ገዝቷል ማለት ነው። ደረጃ 7 የ5.56፣ ደረጃ 8 የ7.62 በአምስት በአምስት ጥይት ናቸው። በደረጃ 5 እና 8 መካከል ጥይቱም ፍጥነቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ጊዜና አምስት ጊዜ መመታት ነው። ጠብመንጃ የያዘ ሰው አንድ ጊዜ ተኩሶ ያቆማል ብሎ ማሰብ ስለሚከብድ ምርጫው ደረጃ 8 ቢሆን ይመረጣል።

በኢኤን 1063 ቢአር1 የ22 ካሊበር፣ ቢአር2 የ9 ሚ.ሜ፣ ቢአር3 የ357፣ ቢአር4 የ44 ማግነም፣ ቢአር5 የ5.56፣ ቢአር6 የ7.62፣ ቢአር7 ደግሞ ብረት የሚበሳው የ7.62 ጥይት ናቸው። ሦስት ጥይት በሦስት ማዕዘን ቅርጽ፣ በመካከላቸው 120 ሚ.ሜ እየተተወ ይተኮሳል። ኤስጂ1 እና ኤስጂ2 የአደን ሾትገን ጥይትን የሚመለከቱ ናቸው፤ ከቢአር ተራ ውጭ ስለሆኑ ለብቻቸው ይጠየቃሉ።

ሁለቱን መለኪያዎች አቻ አድርጎ ማንበብም አደገኛ ነው። የቢአር5 ጥይት ጫፉ ውስጥ የብረት መብሻ አለው፤ የዩኤል ደረጃ 7 ጥይት ልቡ እርሳስ ነው። ካሊበሩ (የጥይቱ ውፍረት) አንድ፣ የመብሳት አቅሙ ግን ለየቅል ነው።

ሌላው በቀላሉ የሚዘነጋው ክላሽንኮቭ ነው። የእሱ 7.62 በ39 ጥይት ከላይ በተዘረዘሩት የዩኤልና የቢአር ደረጃዎች ውስጥ የለም፤ ተመሳሳይ «7.62» የሚለው ቁጥር አያሳስትዎ። ቪፓም በተባለው የአውሮፓ መለኪያ ደረጃ 6 ውስጥ ግን፣ ልቡ ብረት የሆነው ጥይት በሰከንድ 720 ሜትር ይፈተንበታል። የሚያሰጋዎት ክላሽ ከሆነ በዚያው ጥይት የተደረገ የፍተሻ ወረቀት በስም ይጠይቁ።

እርምጃ 3፦ ፍንጣሪውን አይርሱ

ጥይቱ ሳያልፍ ሰው ሊጎዳ ይችላል። መስታወቱ ከውጭ ሲመታ ከውስጥ ገጹ ስለታም ፍንጣሪ ይወረወራል፤ ዓይን ለማጥፋት ጥቂቱ ይበቃል። በኢኤን 1063 ከመስታወቱ በስተኋላ በ500 ሚ.ሜ ላይ 0.02 ሚ.ሜ የሆነ ስስ አሉሚኒየም ይሰቀላል። ፍንጣሪ ከበሳው ምልክቱ ኤስ፣ ካልበሳው ኤንኤስ ይሆናል። «ቢአር4 ኤስ» እና «ቢአር4 ኤንኤስ» ጥይቱን እኩል ያቆማሉ፤ ከኋላ ለተቀመጠው ሰው ግን እኩል አይደሉም። በዩኤል 752 ከኋላ 457 ሚ.ሜ ላይ ካርቶን ይቆማል፤ ፍንጣሪ ከበሳው ናሙናው ይወድቃል። ሰው በክንድ ርቀት የሚቀመጥበት መስኮት ከሆነ ኤንኤስ ይምረጡ። ኤስ የሚበቃው ከኋላው ማንም በማይቆምበት ቦታ ብቻ ነው።

እርምጃ 4፦ ቁሳቁሱን ይምረጡ

አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ ጥርት ያለና ቀላል ነው፤ ለዩኤል ደረጃ 1 ወደ 32 ሚ.ሜ ውፍረት ይፈልጋል። ለቤት ውስጥ መደርደሪያ ይሆናል፤ ይቃጠላል፣ በቀላሉም ይጫጫራል። የተነባበረ ፖሊካርቦኔት ደረጃ 1ን በ19 ሚ.ሜ ገደማ፣ ደረጃ 3ን በ32 ሚ.ሜ ገደማ ይሰጣል። በመዶሻ ለመስበር የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ያቢጫዋል፣ ጭረትም ይይዛል። ሙሉ በሙሉ የመስታወት ንብርብር ጭረትና ፀሐይ ይችላል፤ ክብደቱና ፍንጣሪው ግን ይበዛል። ከውጭ መስታወት፣ ከውስጥ ፖሊካርቦኔት የሆነው ድብልቅ ለውጭ መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ተመራጭ ነው። በእሱ ውስጥ ፖሊካርቦኔቱን የሚያጣብቀው ፖሊዩሬቴን መሆኑን ያረጋግጡ፤ በፒቪቢ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ፖሊካርቦኔትን በጊዜ ብዛት ያሰነጣጥቀዋል።

እርምጃ 5፦ ክብደቱን፣ ፍሬሙንና ግድግዳውን ያስሉ

ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር መስታወት 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ፖሊካርቦኔት ደግሞ 1.2 ኪሎ። 30 ሚ.ሜ የሆነ የመስታወት ንብርብር በካሬ ሜትር 75 ኪሎ ነው። 1.2 በ1.5 ሜትር የሆነ መስኮት 135 ኪሎ ይሆናል፤ በ60 ሚ.ሜ ደግሞ 270 ኪሎ፣ ፍሬሙ ሳይጨመር። ስለዚህ የሚከፈት መስኮት ከፈለጉ ማጠፊያው ይህን ክብደት እንዲችል ተመርጦ መታዘዝ አለበት። ግድ ካልሆነ የማይከፈት መስኮት ይሻላል።

የተራ አሉሚኒየም ፍሬም ውስጡ ባዶ ስለሆነ ጥይት ያሳልፋል። ፍሬሙም እንደ መስታወቱ ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ኢኤን 1063 መስታወቱን ብቻ ይመዝናል፤ ሙሉ መስኮትና በር የሚፈተነው በኢኤን 1522 ነው፣ ደረጃውም ኤፍቢ ተብሎ ይጻፋል። የፍሬሙ ብረት የመስታወቱን ጠርዝ በየትኛውም አቅጣጫ፣ በአግድሞሽ ሲታይ ጭምር፣ መሸፈን አለበት፤ ንብርብሩ የሚደክመው ጠርዙ ላይ ነውና።

ከዚያ ግድግዳው። የጂፕሰም ክፍልፍል ጥይት አይመክትም፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬትም አይታመንም። ከመስኮቱ በታች ያለው የመደርደሪያ ፊት በተለይ ይረሳል፤ ተኳሹ የሚያነጣጥረው ግን ወደዚያው ወደ ተቀመጠው ሰው ነው። ብሎኬቱን በኮንክሪት መሙላት ወይም ከመስኮቱ እኩል ደረጃ ያለው የብረት ወይም የፋይበርግላስ ሰሌዳ መጨመር ያስፈልጋል።

እርምጃ 6፦ ወረቀቱንና ዕቃውን ያመሳክሩ

የፍተሻ ወረቀቱ የላቦራቶሪውን ስም፣ ቀኑን፣ ጥይቱን፣ የተለካውን ፍጥነት፣ የጥይቱን ብዛትና የእያንዳንዱን ንብርብር ውፍረት መያዝ አለበት። ለውጭ መስኮት የሙቀት መጠኑን ይመልከቱ፤ ዩኤል 752 ለውጭ የሚሆነውን ናሙና በብርድም በሙቀትም ይፈትነዋል፣ ኢኤን 1063 ግን 18 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። ዕቃው ሲደርስ ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩ፤ በጠርዙ ንብርብሩን ቆጥረው ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። ልኩ ከመታዘዙ በፊት በደንብ መወሰድ አለበት፤ መስታወት ያለበት ንብርብር በግንባታ ቦታ ላይ አይቆረጥም፣ አይበሳም።

እርምጃ 7፦ ገጠማው

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ገጹ እንዳይገለበጥ ነው። መስታወቱ ወደ ውጭ፣ ፖሊካርቦኔቱ ወደ ውስጥ ነው። ተገልብጦ የተገጠመ ድብልቅ የተፈተነበትን ደረጃ አይሰጥም፤ ፍንጣሪውንም ወደ ሰው ይልካል። ምልክቱ ከጠፋ በሳንቲም መታ መታ ያድርጉት፦ መስታወቱ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ፕላስቲኩ ድም ይላል፤ በእጅ ሲነካም ፕላስቲኩ ሞቅ ይላል።

መስታወቱ በቀጥታ ብረት ላይ አይቀመጥም። ከታች፣ ከሁለቱ ጫፎች የወርዱን ሩብ ያህል ገባ ብሎ ጠንካራ የጎማ ማረፊያ ይደረግለታል። ውሃ እንዳይቋጥር ፍሬሙ ታች የማፍሰሻ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ አሲዱ ማጣበቂያውን ይበላዋል፣ ጠርዙም ነጭ ይሆናል። ኒውትራል የሚባለው ይሁን። ሙሉ ፖሊካርቦኔት ከሆነ የመለጠጫ ክፍተት ይተዉ፦ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ በ40 ዲግሪ ልዩነት ወደ 4 ሚ.ሜ ይረዝማል፣ መስታወት ግን ግማሽ ሚ.ሜ ገደማ ብቻ። ክፍተት ያጣ ሰሌዳ ይጎብጣል ወይም ከፍሬሙ ይወጣል።

ከገጠማ በኋላ

የፕላስቲኩን ገጽ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውሃ ብቻ ያጽዱ፤ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ያደበዝዘዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ጠርዙን ይፈትሹ። አረፋ፣ ወተት የመሰለ ነጭ ወይም እንደ ቅጠል የተዘረጋ ምልክት ካዩ ንብርብሩ እየተላቀቀ ነው፤ የተላቀቀ ንብርብር የተፈተነው ንብርብር አይደለምና አቅራቢው መጥቶ ይመልከተው።

አንድ ጊዜ የተመታ መስታወት ይቀየራል። «ሦስት ጥይት ይችላል» ሲባል ሁለት ቀርቶታል ማለት አይደለም፤ ፍተሻው የተደረገው በአዲስ ናሙና፣ በተለካ ርቀት በተተኮሱ ጥይቶች ነው። ሁለተኛው ጥይት ከመጀመሪያው ጎን ቢያርፍ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ገና ሲገጠም የእያንዳንዱን መስኮት ልክ፣ የንብርብሩን ቅደም ተከተልና የማምረቻ ቁጥሩን መዝግበው ያስቀምጡ። ምትኩ ተሠርቶ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያው ከዚያ መስኮት ኋላ ሰው አይቀመጥም።