ቤትን በቪኒል ሲያስነጥፉ ወጪን የሚያንሩ ስህተቶች

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ የሴራሚክ ወለል ባዶ እግር አያስረግጥም። ሲረግጡት ያን ያህል የማይቀዘቅዘውና የእንጨት መልክ ያለው የቪኒል ንጣፍ በሰሜን ሸዋ ከተሞች ፈላጊ ቢያገኝ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ቤቱን ለማስነጠፍ የተነሣ ሰው ነጋዴውን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ካሬው በስንት ነው?» ብሎ ሲሆን፣ በጀቱን የሚያናጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የካሬው ዋጋ ሳይሆን ከንጣፉ ሥር ያለው ወለልና በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረው ሥራ ነው።

ነባሩን ወለል ሳይመረምሩ ዋጋ መቁረጥ

ሴራሚክ የሚያነጥፍ ባለሙያ ወለሉ ጎርበጥ ወይም ጎድጎድ ቢል ከሥር የሚያደርገውን ሞርታር እያወፈረና እያሳሳ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ሴራሚክ የለመደ የቤት ባለቤት የወለሉን ሁኔታ እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም። ክሊክ የሚባለው፣ የአንዱ ምላስ ከሌላው ጠርዝ ጋር እየተቆላለፈ ያለ ማጣበቂያ የሚነጠፈው ቪኒል ግን ጥፋትን የሚሸፍንበት አቅም የለውም። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ የሥሩን ቅርጽ ይዞ ይተኛል፤ ከጎድጓዳ ቦታ በላይ የቀረው ክፍል ሰው በረገጠው ቁጥር ወደ ታች እየለመጠ ምላሱን ያደክመዋል፣ ውሎ አድሮም ይሰብረዋል።

አምራቾች በአብዛኛው የሚፈቅዱት በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ልዩነት ነው። ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ያልተጣመመ የ3 ሜትር ቱቦላሬ ወለሉ ላይ በቁመት፣ በአግድምና በሰያፍ እያጋደሙ ከሥሩ የሚታየውን ክፍተት በሜትር መለካት ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፦ ወለሉ በውሃ ልክ ሲታይ ወደ አንድ ወገን በመጠኑ ቢያዘነብልም ጠፍጣፋ እስከሆነ ድረስ ለቪኒል ችግር አይሆንም፤ ችግሩ ጉብታና ጉድጓድ ነው። ሁለቱን ባለመለየት ሙሉውን ሳሎን እንደገና ማስለሰን ባዶ ወጪ ነው።

የማስተካከያውን ዋጋ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በ20 ካሬ ሳሎን ላይ በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር መሙላት ካስፈለገ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲፈስ ራሱን አስተካክሎ የሚተኛው ውህድ ለአንድ ካሬ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሚፈጅ 160 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 25 ኪሎ 7 ከረጢት ይጠይቃል። ይህን ሸሽቶ አሮጌውን ሊሾ በስስ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ መለቅለቅ የባሰ ነው፤ ከነባሩ ጋር በቅጡ ስለማይያያዝ ይፈረፈርና ፍርፋሪው ከንጣፉ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይኖራል። ጥቂት ጉብታዎች ብቻ ካሉ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ከመሙላት እነርሱን በግራይንደር መፋቅ እጅግ ይረክሳል።

እንደ እነዋሪ አካባቢ ባለ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ለተሠራ ቤት ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። አፈሩ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ወለሉን ስለሚያንቀሳቅሰው፣ ስንጥቁ ገና እየሰፋ ባለ ሊሾ ላይ የሚነጠፍ ማናቸውም ነገር ዕድሜ አይኖረውም። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው በስንጥቁ ጫፍ ላይ ምልክት አድርጎ ክረምቱን አሳልፎ ቢያይና ገንዘቡን አስቀድሞ ለመሠረቱ ጥገና ቢያውል የተሻለ ነው።

«ውሃ አይነካውም» የሚለውን በተሳሳተ መንገድ መረዳት

ነጋዴው እንዲህ ሲል አልዋሸም፤ ነገር ግን ውሃ የማይጎዳው ንጣፉን እንጂ ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ አይደለም። እርጥበት መከላከያ ሳይነጠፍበት በቀጥታ በአፈርና በድንጋይ ሙሌት ላይ የተሠራ ወለል ከምድር እርጥበት ይስባል። ቀድሞ ይህ እርጥበት በሊሾው በኩል እየተነነ ይወጣ ነበር፤ ቪኒሉ ሲከድነው ግን ከሥር ተጠራቅሞ ሻጋታና ሽታ ያመጣል፣ በኮላ የተለጠፈም ከሆነ ያላቅቀዋል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግና ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በኋላ ማየት። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ፣ እርጥበት የሚከላከል ወፍራም ላስቲክ ወይም የሚቀባ መከላከያ በበጀቱ ውስጥ ሊገባ ይገባል። አዲስ ለተሞላ ኮንክሪትም ያው ነው፤ በ28 ቀን ጥንካሬውን ያገኛል ማለት ደርቋል ማለት አይደለም፣ ለመድረቅ ወራት ሊወስድበት ይችላል።

በኮላ የሚለጠፈውን ስስ ዓይነት ለመረጠ ሰው ደግሞ የዓመታት የወለል ሰም ሌላ እንቅፋት ነው። ሰም በጠጣ ሊሾ ላይ ኮላ አይዝም፤ ሰሙን የማስፋቅ የእጅ ዋጋ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ክፍል በክፍል መግዛት

ሦስት ክፍል ያለውን ቤት እንውሰድ፦ ሳሎኑ 20፣ አንዱ መኝታ ክፍል 12፣ ሌላው 9 ካሬ ነው፤ አንዱ ካርቶን ደግሞ 2.4 ካሬ ይሸፍናል እንበል። ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ተጨምሮ ለየክፍሉ ለብቻው ቢሰላ 10፣ 6 እና 5፣ በድምሩ 21 ካርቶን ይመጣል። የሦስቱ ስፋት ተደምሮ አንድ ጊዜ ሲሰላ ግን 45.1 ካሬ፣ ማለትም 19 ካርቶን ይበቃል። ከዚህም በላይ፣ ከዓመት በኋላ ለቀረው ክፍል ያንኑ ቀለም መፈለግ አዲስ አበባ ድረስ የሚያንከራትት ሥራ ነው፤ ስሙ አንድ ቢሆንም በሌላ ጊዜ የተመረተው ንጣፍ በቀለም ሊለይ ስለሚችል በካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ሳያዩ መረከብ አይገባም። ንጣፉ በሰያፍ ወይም በዓሣ አጥንት ቅርጽ የሚደረደር ከሆነ ቁርጥራጩ እስከ 15 በመቶ ይደርሳል። በአንጻሩ ከግድግዳ ጋር ከተያያዘ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ሥር ክሊክ ቪኒል ማንጠፍ አይመከርም፤ ከባድ ነገር ሲቸነክረው መለጠጥና መኮማተር ያቅተዋልና። ያን ስፋት ከሒሳቡ መቀነስ ይቻላል።

የተረፈውን ካርቶን ለነጋዴው ለመመለስ መቸኮል አያስፈልግም። ቪኒል ፕላስቲክ ነው፤ ቡና ሲፈላ ፍም ከወደቀበት ይጠቁራል፣ የጋለ የከሰል ምድጃ በቀጥታ ከተቀመጠበትም ይለሰልሳል። በደብረ ብርሃን ብርድ ምድጃ ከቤት አይወጣምና ለመተኪያ የሚሆን ጥቂት ንጣፍ መያዝ ብክነት አይባልም።

በጠቅላላ ውፍረት መታለል

«ባለ 6 ሚሊ» የሚለው ቃል ብዙ ገዢ ያማልላል። የንጣፉን ዕድሜ የሚወስነው ግን ከላይ ያለው ግልጽ የመከላከያ ሽፋን ነው፤ ለመኝታ ቤት 0.3 ሚሊ ሜትር በቂ ሲሆን፣ ጫማ ለሚበዛበት ሳሎን ወይም ለሱቅ 0.5 መፈለግ ተገቢ ነው። ባለ 4 ሚሊ ሆኖ 0.5 ሽፋን ያለው ንጣፍ፣ ባለ 6 ሚሊ ሆኖ 0.2 ሽፋን ካለው ይልቅ ጭረትን ይቋቋማል። ከጀርባው ስፖንጅ ተለጥፎበት የመጣን ንጣፍ ሌላ ስፖንጅ መደረብም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ተጨማሪ ወጪ ከመሆኑም በላይ ወለሉን አለስልሶ መቆላለፊያውን ያሰብራል። አሮጌውን የፕላስቲክ ምንጣፍ ሳያነሡ በላዩ ማንጠፍም ውጤቱ ያው ነው።

ጭነቱንና የአየሩን ጠባይ አለማሰብ

ኤስፒሲ የሚባለው፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ጠንካራ ቪኒል ባለ 5 ሚሊ ሲሆን ለአንድ ካሬ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከላይ የተጠቀሱት 19 ካርቶኖች አራት ኩንታል ተኩል ይሞላሉ ማለት ነው፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር የሚያመጣው መኪናና የሚያወርደው ሰው ዋጋ አላቸው። ካርቶኖቹ ተጋድመው እንጂ ቆመው መጫን የለባቸውም።

ከደረሱ በኋላ በሚነጠፉበት ክፍል ውስጥ 48 ሰዓት እንዲቆዩና ሥራው ከ18 እስከ 29 ዲግሪ ባለ ሙቀት እንዲከናወን አምራቾች ያሳስባሉ። በደብረ ብርሃን ወይም በመሐል ሜዳ ማለዳ ይህ ሙቀት አይገኝም፤ የቀዘቀዘ ንጣፍ ምላሱ ተሰባሪ ስለሆነ ፀሐይ ቤቱን እስክታሞቀው መጠበቅ ይሻላል። በሸዋ ሮቢት ቆላ ደግሞ ፈተናው የሙቀት ልጠጣ ነው። በሁለቱም ዘንድ በግድግዳው ዙሪያ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ግዴታ ነው፤ ቦታ ያጣ ንጣፍ መሐሉ ላይ ያብጣል። ክፍተቱን የሚሸፍነው ዞኮሎ ስለሆነ የእርሱም ሜትር ከመጀመሪያው መለካት አለበት።

በርና ደፍን መርሳት

ንጣፉ ከነስፖንጁ ወለሉን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። የእንጨት በር በአናጺ ይላጋል፤ የብረት በር ግን በያጅ ይፈልጋል፣ ብየዳው ደግሞ ንጣፉ ከመግባቱ በፊት ካልተጠናቀቀ ፍንጣሪው አዲሱን ወለል ያቃጥለዋል። ለየደፉ የሚያስፈልገው የመጋጠሚያ ብረትም በአብዛኛው በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም።

በቃል መስማማት

ለስሌት እንዲመች የካሬው ዋጋ 1,000 ብር ነው ብንል፣ 15 በመቶ ቫት ያልተካተተበት ከሆነ በ19 ካርቶን ላይ 6,840 ብር ልዩነት ያመጣል፤ ስለዚህ ዋጋው ከቫት ጋር መሆኑን መጠየቅና ደረሰኝ መቀበል የመጀመሪያው ነገር ነው። የእጅ ዋጋ በካሬ ሲቆረጥ ደግሞ አሮጌውን ማንሣት፣ ወለል ማስተካከል፣ ዞኮሎ መግጠም፣ በር ማስቆረጥና ቆሻሻ ማውጣት በማን ወገን እንደሆነ በወረቀት ይስፈር። ባለሙያው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ የትራንስፖርቱና የማደሪያው ነገርም እንዲሁ። ክፍያው ተከፋፍሎ፣ የመጨረሻው ድርሻ ሁሉም በር በነጻነት ሲከፈትና በእያንዳንዱ ክፍል ሲራመዱ የሚለምጥ ወይም የሚንቋቋ ቦታ አለመኖሩ ሲታይ ይከፈል።