ለካሜራው ብላችሁ ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት እንዲህ ሞክሩት

ጓደኛዬ የሚይዘው የሳምሰንጉን ጋላክሲ ኤስ22 ነው። ባለፈው ወር ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን «ስልኬን በጭማሪ ልለውጥ ነው፣ ኤስ24 አግኝቻለሁ» አለኝ። ለምን ስለው «ካሜራው ነዋ!» ብሎ አፈጠጠብኝ። የሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ከፍቼ አሳየሁት። ከኋላ ዋናው ካሜራ 50 ሜጋፒክስል (ፎቶው የሚሠራባቸው ነጥቦች ብዛት፣ በሚሊዮን)፣ ሰፊ አድርጎ የሚያነሳው 12፣ ሦስት እጥፍ የሚያቀርበው 10። ኤስ22 ይሄው፣ ኤስ23 ይሄው፣ ኤስ24 ይሄው። በ2025 የወጣው ኤስ25 ላይ እንኳ ቁጥሩ ያው ነው። የሴልፊው ብቻ ኤስ23 ላይ ከ10 ወደ 12 ከፍ ብሏል። ቡናው ቀዘቀዘበት።

ምንም አልተሻሻለም አላልኩም። ፎቶውን የሚያቀናብረው ቺፕና ሶፍትዌር በየዓመቱ ይቀየራል፣ ልዩነትም ያመጣል። ግን ያ ልዩነት እናንተ በምታነሱት ፎቶ ላይ ይታያል ወይ? ይህን ለማወቅ ብር አያስፈልግም፣ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃል።

1. መጀመሪያ ያለውን ስልክ አጽዱ

የምሬን ነው። እኔ ራሴ ሦስት ወር ሙሉ «ይሄ ስልክ አርጅቷል» እያልኩ ስነጫነጭ ከርሜ፣ ለካ የካሜራው መስታወት ከኪሴ ቁልፍ ጋር ሲታሽ ተጭሮ ኖሯል። ጠጋኝ ጋ ወስጄ መስታወቱን ብቻ አስቀየርኩና ፎቶው ተመለሰ። ያወጣሁት ገንዘብ ከአዲስ ስልክ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚወራ አይደለም።

ለማጣራት ማታ ወደ መንገድ መብራት አዙራችሁ አንሱ። በመብራቱ ዙሪያ ጭጋግ ወይም ረጅም የብርሃን መስመር ከታየ ችግሩ መስታወቱ ላይ ነው፤ ወይ ቅባት፣ ወይ ጭረት፣ ወይ ከላይ የተለጠፈው ርካሽ የሌንስ መከላከያ። በለስላሳ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ መከላከያውን አንስታችሁ ድገሙት።

ቀጥሎ አፕዴት ካለ አውርዱ። ጉግል በ2018 ናይት ሳይት የሚባለውን በጨለማ ፎቶ ማንሻ ሲያወጣ፣ ለአዲሱ ስልኩ ለፒክስል 3 ብቻ ሳይሆን ቀድመው ለወጡት የፒክስል ስልኮችም በአፕዴት ነው የሰጠው። ሰው ኪሱ ውስጥ ባለው አሮጌ ስልክ በአንድ ሌሊት አዲስ ካሜራ አገኘ ማለት ነው።

2. ያላማሯችሁን ፎቶዎች ቁጠሩ

ጋለሪያችሁን ክፈቱና ባለፉት ሦስት ወራት ካነሳችሁት ውስጥ ያበሸቋችሁን ሠላሳ ፎቶዎች ምረጡ። ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን ጻፉ፤ ጨለማ ነበር፣ ልጁ ሮጠ፣ ከሩቅ ዙም አደረግኩት፣ ከጀርባ መስኮት ነበር።

የእኔ አብዛኞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ መብራት ጠፍቶ በሻማ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ነው። ሌላው እናቴ መስኮቱን ከኋላዋ አድርጋ ቡና ስታፈላ ያነሳኋት፣ ፊቷ ከጀበናው የጠቆረ። ለሁለተኛው ስልክ መቀየር ምን ያደርጋል? በርጩማዋን ዞር አድርጋ ፊቷን ወደ ብርሃኑ ብታዞር አለቀ።

ለመጀመሪያው ግን የተሻለ ካሜራ ይረዳል። ያም ሆኖ ናይት ሞድ፣ ማለትም የስልኩ የጨለማ ፎቶ ማንሻ፣ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ አንድ ላይ የሚያዋህድ ዘዴ ስለሆነ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ላይ እንጂ የሚሮጥ ሕፃን ላይ ተአምር አይሠራም። የሩቅ ፎቶ የሚያበሽቃችሁ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ ለብቻው የሚያቀርብ ሌንስ ያለው ስልክ ነው። ያ ከሌለ ዙም ማለት ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው።

3. ፎቶው መጨረሻው የት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ሒሳቡን ስትሠሩት፣ 1280 በ960፣ 1.2 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። 50 ይሁን 200 ሜጋፒክስል፣ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ የሚደርሰው ይሄው ነው። 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ በደንብ ለማሳተም 2 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ለኤ4 እንኳ 9 አይሞላም።

አዲስ ስልክ ያለው ሰው ለምኑና አብራችሁ ውጡ። እኛ ጅሬን ወጣን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። የእንጨት በረንዳው ለፈተና የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ከላይ ጥላ፣ ከደጅ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ እንጨቱ ላይ ደቃቅ ቅርጽ። ያው ቦታ፣ ያው ደቂቃ፣ አንዱ በአዲሱ አንዱ በአሮጌው። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ስልክ ላይ አስገብታችሁ እዩ፤ ምክንያቱም አዲስ ስልክ ስክሪኑ ደማቅ ስለሆነ ያላማረውንም ያሳምረዋል። የቱ በየትኛው እንደተነሳ ሳልናገር ለአክስቴ ልኬላት ነበር። የእኔን የአራት ዓመት ስልክ መረጠች፤ «እዚህኛው ላይ ፊትህ ደመቅ ብሏል» ብላ። ጓደኛዬ እስካሁን አልረሳትም።

ያው ሙከራ ማታ ላይ ይደገም። ልዩነት ካለ የሚታየው ያኔ ነው።

4. ዝርዝሩን ስታነቡ ሜጋፒክስሉን እለፉት

48 ወይም 50 ሜጋፒክስል የተጻፈበት ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አራት አራቱን ነጥብ አንድ እያደረገ የሚሰጣችሁ 12 ሜጋፒክስል ገደማ ፎቶ ነው። ባለ 200ው ደግሞ አሥራ ስድስቱን አንድ ያደርጋል፣ መጨረሻው እዚያው 12 አካባቢ ነው።

ይልቅ የሴንሰሩን፣ ማለትም ከሌንሱ ኋላ ብርሃኑን የሚቀበለውን ክፍል፣ ስፋት ፈልጉ። ሐምሌ ላይ ሳፋና ስኒ ደጅ ብታስቀምጡ የትኛው ብዙ ዝናብ ይይዛል? ብርሃንም እንደዚያው ነው። 1/1.3 የተባለው ከ1/2 ይሰፋል፤ ከሥር ያለው ቁጥር ሲያንስ ሴንሰሩ ይተልቃል። ቀጥሎ ኦአይኤስ የሚሉት የእጅ መንቀጥቀጥ ማስተካከያ መኖሩን እዩ። በርካሽ ስልኮች ጀርባ ላይ የሚደረደሩት ባለ 2 ሜጋፒክስል «ማክሮ» (በጣም ቅርብ ለማንሳት) እና «ዴፕዝ» (ርቀት ለመለካት) የሚባሉ ካሜራዎች ጌጥ ናቸው፣ አትቁጠሯቸው።

5. በዓመት ሳይሆን በዝላይ አስቡ

አይፎን 13 እና 14 ዋናው ካሜራቸው ሁለቱም 12 ሜጋፒክስል ነው፤ የ14ቱ ሴንሰር ትንሽ ሰፋ ብሏል፣ ሌንሱም ትንሽ ብርሃን ጨምሮ ያስገባል። ከ2019ኙ አይፎን 11 ወደ 2023ቱ አይፎን 15 የዘለለ ሰው ግን ለውጡን ያየዋል። የእኔ መስፈርት ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በታች ለካሜራ ብዬ አልቀይርም። ብሩ ውስን ከሆነ ደግሞ ከአዲስ መካከለኛ ስልክ ይልቅ የሁለት ሦስት ዓመት ትልቅ ሞዴል፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ፎቶ ያነሳል። ሰርግ የሚቀርጽ ወይም ልብስ በቲክቶክ የሚሸጥ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ካሜራው እንጀራው ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ሱቅ ውስጥ ፎቶ አንስታችሁ አትወስኑ። ሻጩ «ወንድሜ፣ እዚሁ አንሳው፣ ምን ይሁን ብለህ ነው» ይላችኋል። በዚያ ሁሉ አምፖል ስር የማያምር ነገር የለም። አብሯችሁ ደጅ እንዲወጣ ጠይቁት። ሁሉንም ሌንስ በየተራ ሞክሩ፣ ቅርብና ሩቅ ላይ ፎከስ አድርጉ፣ አንድ ደቂቃ እየተራመዳችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ምስሉ የሚንዘፈዘፍ ወይም ካሜራው የሚነዝር ከሆነ የመንቀጥቀጥ ማስተካከያው ተጎድቷል፣ መልሱለት። በመጨረሻ ሌንሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንሱ፤ ጥቁሩ ላይ የሚያበራ ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ጤነኛ አይደለም።

ጓደኛዬ ኤስ24ቱን ገዛው። የአሮጌው ባትሪ እስከ ምሳ አያደርሰውም ነበር፣ እሱስ በቂ ምክንያት ነው። ፎቶ ሲያነሳ ግን ዛሬም ሌንሱን አይጠርግም።