ያለ ምግብ ለሚጠጣ ወይን
ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ግሮሰሪ ገብታችሁ ረከስ ያለ ወይን ስትመርጡ፣ ከምግብ ጋር ነው ወይስ እንዲሁ ለጨዋታ? ቀድማችሁ ወስኑ። ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) ቀይ፣ ለምሳሌ ሪፍት ቫሊ ካበርኔ ሶቪኞ፣ ከጥብስ ጋር ግሩም ነው፤ ብቻውን ሲሆን ግን ድድና ምላስን ጭምድድ ያደርጋል። ይህን የሚያመጣው ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚወጣው ታኒን ነው፤ ሥጋና ቅባት ያለዝበዋል። ምግብ ከሌለ መለያው ላይ «ሚዲየም ስዊት» (መካከለኛ ጣፋጭ) የሚል፣ እንደ አካሲያ ያለውን ያዙ። አክሱማይት ጣፋጭ ለሚወድ ነው (ለእኔ ይበዛብኛል)። በባሕር ዳር ሙቀት ነጩን ሁለት ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ቀዩንም 20 ደቂቃ ቢቀዘቅዝ አይጎዳውም። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ግን በቅናሽም ቢሆን አትግዙ። የተረፈውን በቡሹ ከድናችሁ ፍሪጅ ካስገባችሁት ከ3 እስከ 5 ቀን ይጠጣል።