ለዒላማ ሽጉጥ የሚሆን አረር እንዴት ይመረጣል?

ሰው አረር ሊገዛ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በአፍንጫው ላይ ነው። ሹል ነው ወይስ ድቡልቡል፣ ያብረቀርቃል ወይስ ደብዝዟል እያለ ያያል። እኔ ግን እዚህ አሜሪካ ጥይቴን በእጄ እየሞላሁ ወረቀት መምታት ከጀመርኩ ወዲህ አረሩን ገልብጬ መቀመጫውን ሳላይ አልገዛም። ከአፈሙዝ በመጨረሻ የሚላቀቀው መቀመጫው ነውና። ጠርዙ በአንድ በኩል ከተሸረፈ የባሩዱ ጋዝ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ወደ ጎን ይገፋዋል። አፍንጫው ላይ ያለ ጭረት ግን ወረቀቱ ላይ እምብዛም አይታይም።

አረር የምለው ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደውን ክፍል ብቻ ነው። ቀለህ (ሁሉን የሚይዘው ቀፎ)፣ ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው)፣ ባሩድና አረር ተገጣጥመው ነው ጥይት የሚሆኑት። በአሜሪካ ለራስ ስፖርት ጥይት መሙላት የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ ግን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ፣ አገር ቤት ያለ አንባቢ ይህን ለዕውቀት ያህል ብቻ ያንብበው።

ዒላማው የሚጠይቀውን ይወቁ

ቡልስአይ የሚባለው የአሜሪካ የሽጉጥ ውድድር ትልቁ መድረኩ በኦሃዮ የሚገኘው ካምፕ ፔሪ ነው፤ ብሔራዊ ውድድሮቹ እዚያ መካሄድ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ተኳሹ በአንድ እጁ ብቻ ይዞ፣ በዝግታ የሚተኮሰውን ዙር በ50 ያርድ፣ ማለትም 46 ሜትር ገደማ ላይ ቆሞ ይተኩሳል። የአሥር ነጥቡ ክብ ስፋት 85 ሚሊ ሜትር፣ በውስጡ ያለው የኤክስ ክብ ደግሞ 43 ሚሊ ሜትር ነው። ሽጉጡና ጥይቱ ያለ ሰው እጅ በማሰሪያ ላይ ተቀምጠው 10 ሴንቲ ሜትር የሚበትኑ ከሆነ፣ እጁ የማይነቃነቅ ተኳሽ እንኳን ነጥብ ይጥላል። በደንብ የተሠራ የውድድር ሽጉጥ ከሚስማማው አረር ጋር በዚህ ርቀት 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ውስጥ ይሰበስባል። ፍለጋው ለዚህ ነው። የሚተኩሱት በ25 ያርድ ብቻ ከሆነ ግን ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም፤ ጊዜዎን ለቃታ ልምምድ ይስጡት።

በርሜሉን ይለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ በኋላም ጥፋቱን በአረሩ ላይ ያላክካል። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡና የሚወጣ ከሆነ በርሜሉን ያውጡ። ከቀዳዳው ጥቂት የሚበልጥ ለስላሳ የእርሳስ ድብልብል በዘይት ቀብተው በእንጨት ዘንግ ቀስ እያሉ እየመቱ በበርሜሉ ውስጥ ያሳልፉት። ሲወጣ በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጹት ጠማማ መስመሮች ታትመውበት ያገኙታል። ሰፊውን ውፍረት በማይክሮሜትር ይለኩ። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮች (ጥይት የሚይዘው ቋታቸው የሚሽከረከር ሽጉጦች) አብዛኛውን ጊዜ አምስት መስመር ስላላቸው በተራ ማይክሮሜትር ትይዩ ጫፎች ማግኘት ያስቸግራል፤ አንዱ ጫፉ የV ቅርጽ ያለው፣ ለአምስት መስመር የተሠራ ማይክሮሜትር ካለው ሰው መዋስ ይሻላል።

በመዳብ የተሸፈነ አረር ለ.45 ሽጉጥ 11.46 ሚሊ ሜትር፣ ለ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ 9.02 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይሸጣል። ያልተሸፈነ እርሳስ ግን ከድብልብሉ ላይ ከለኩት ሰፊ ውፍረት በትንሹ፣ በ0.025 ሚሊ ሜትር ያህል፣ መብለጥ አለበት። ከጠበበ ጋዙ በጎኑ እያለፈ እርሳሱን ያቀልጥና በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ አሥር ጥይቶች ደህና ይሰበሰቡና ከዚያ በኋላ መበተን ይጀምራሉ። በሪቮልቨር ላይ ደግሞ ጥይት በሚይዘው ተሽከርካሪ ቋት ፊት ያሉትንም ቀዳዳዎች ይለኩ። እነዚያ ከበርሜሉ ከጠበቡ አረሩን አስቀድመው ስለሚያቀጥኑት፣ የፈለጉትን ያህል ውድ አረር ቢገዙ አይጠቅምም።

እንደ ግሎክ ባሉ፣ የበርሜላቸው ውስጥ ሹል መስመር በሌለው ሽጉጦች ላይ ፋብሪካው ራሱ ያልተሸፈነ እርሳስ እንዳይተኮስ ያስጠነቅቃል። የእርስዎ እንዲህ ያለ ከሆነ በመዳብ ወደተሸፈነው ይሂዱ።

ዓይነቱን ይምረጡ

ለ.38 ስፔሻል ሪቮልቨር መልሱ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ 148 ግሬይን፣ ማለትም 9.6 ግራም የሚመዝነው፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ ከኋላ የተቦረቦረ ዋድከተር። የተቦረቦረው ኋላው በጋዙ ግፊት ይሰፋና ከበርሜሉ ጋር በደንብ ይገጥማል፤ ጠፍጣፋው አፍንጫም ወረቀቱን እንደ ወረቀት መብሻ ክብ አድርጎ ስለሚቆርጠው ለነጥብ ቆጠራ ክርክር አይተውም። ቀጭኑ የኋላ ግድግዳ ግን ለፈጣን ጥይት አልተሠራም። ባሩድ በዝቶበት ከተተኮሰ ግድግዳው ሊቀደድና ሊገነጠል ስለሚችል፣ ይህን አረር ከለዘብተኛ የውድድር ጥይት ውጭ አይጠቀሙበት።

ለ.45 ሽጉጥ 200 ወይም 185 ግሬይን ሰሚ ዋድከተር (አፍንጫው ሾጠጥ ብሎ፣ ከሥሩ ወረቀት የሚቆርጥ ጠርዝ ያለው) ይጀምሩበት፤ የመጀመሪያው 13 ግራም፣ ሁለተኛው 12 ግራም ገደማ ነው። ቀላሉ ግፊቱ ስለሚቀንስ በፍጥነት ለመተኮስ ይመቻል።

በመዳብ ከተሸፈኑት መካከል ደግሞ አፍንጫቸው ቀዳዳ ያላቸው በአብዛኛው ድቡልቡል አፍንጫ ካላቸው ሙሉ ሽፋኖች የተሻለ ይሰበስባሉ። ብዙ ሰው ቀዳዳው የሚረዳ ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን አሠራሩ ነው። በድቡልቡሉ ላይ መዳቡ ከአፍንጫ ተጀምሮ ወደ ኋላ ስለሚጠቀለል መቀመጫው ክፍት ይቀራል፤ እርሳሱም ይታያል፣ ጠርዙም ሁልጊዜ እኩል አይሆንም። ባለ ቀዳዳው ግን የሚዘጋው ከመቀመጫው በኩል ስለሆነ ኋላው ለጥ ያለና አንድ ዓይነት ነው።

ገልብጠው ይፈትሹ

ከአንድ ሳጥን ሃያ አረር ይውሰዱ። ወፍራም መስታወት ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙና አረሮቹን በመቀመጫቸው አቁሟቸው፤ ከኋላቸው መብራት ያብሩ። መቀመጫው ቀጥ ያለው አረር እንደ ዓምድ ይቆማል። ያልተስተካከለው ሲነኩት ይንገዳገዳል፣ ከሥሩም ቀጭን የብርሃን ክር ያሾልካል። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሡ ጠርዙን በአውራ ጣት ጥፍር ዙሪያውን ይዳስሱ፤ ዓይን ያላየውን ጥፍር ያገኘዋል።

አንድ ጊዜ በርካሽ ያገኘሁትን አንድ ሺህ የእርሳስ አረር ገዝቼ፣ ሁለት ወር ሙሉ በእጄና በቃታዬ ላይ ጥፋት ስፈልግ ከረምኩ። በመጨረሻ በመስታወት ላይ ሳቆማቸው ከሃያው ሰባቱ ተንገዳገዱ። ሲቀረጹ የመቀመጫቸው ጠርዝ ሳይሞላ ቀርቶ ነበር። እነዚያን ለይቼ ለብቻቸው ስተኩስ የተበተኑትን ያህል፣ ቀጥ ብለው የቆሙት እዚያው ሽጉጥ ላይ ተሰበሰቡ። ያን ቀን የተናደድኩት በአረሩ ሳይሆን ባባከንኩት ሁለት ወር ነው።

ሚዛን ሁለተኛ ነው። በሽጉጥ ርቀት የግማሽ ግሬይን ልዩነት ብዙ አያሳስብም፤ ከጓደኞቹ በግልጽ የቀለለ አረር ግን ውስጡ አየር ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ያስወግዱት።

ሞልተው ይተኩሱ

አረር በተለወጠ ቁጥር የባሩዱ መጠንም እንደገና ይታያል። ከታተመ የመሙያ መመሪያ ላይ ለዚያው ዓይነትና ክብደት የተሰጠውን ዝቅተኛ መጠን ይዘው ይጀምሩ፤ በግምት ወይም ከሰው አፍ ሰምተው አይሙሉ። አረሩ ወደ ቀለሁ ጠልቆ በገባ ቁጥር የውስጥ ግፊቱ ስለሚጨምር፣ መመሪያው የሰጠውን ጠቅላላ ርዝመት ይጠብቁ። የመጀመሪያውን ጥይት በወጣው በርሜል ውስጥ ይጣሉት፤ በራሱ ክብደት ገብቶ፣ ሲገለብጡት በራሱ መውጣት አለበት። አረሩ ስስ የመዳብ ቅብ ብቻ ካለው የቀለሁን አፍ በአረሩ ላይ ከመጠን በላይ አያጥብቁት፤ ቅቡ ከተቆረጠ ትክክለኛነቱ አብሮት ይሄዳል።

ሦስት ዓይነት አረር መርጠው ቀለህ፣ ካፕሱልና ባሩድ ሳይለውጡ ከእያንዳንዱ ሠላሳ ይሙሉ። በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፈው፣ ወይም ክለብዎ ራንሰም ሬስት የተባለው የሽጉጥ ማሰሪያ ካለው በእሱ፣ አሥር አሥር እያደረጉ ሦስት ጊዜ ይተኩሱ። ሦስት ጥይት ተኩሶ አንዲት ቀዳዳ ማግኘት ደስ ይላል፤ ግን ያታልላል፤ አራተኛውና አምስተኛው ናቸው እውነቱን የሚያወጡት። ከሁሉ የጠበበውን አንድ ቡድን (የአሥር ቀዳዳዎች ስብስብ) ያወጣውን ሳይሆን፣ ከሦስቱ ቡድኖቹ መጥፎው ከሌሎቹ አረሮች መጥፎ ቡድን ያነሰ የተበተነውን አረር ይያዙ። በውድድር ቀን የሚያገኝዎት መጥፎው ነው።

እርሳስ መርዝ ነው። አረር እየነኩ አይብሉ፣ ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ልጆች ያሉበት ጠረጴዛ ላይም አይሙሉ።

የመረጡትን ሲገዙ በሳጥኑ ላይ ያለውን የምርት ዙር ቁጥር ይመልከቱና አቅምዎ የፈቀደውን ያህል ከአንድ ዙር ይግዙ። ያ ሊያልቅ ሲል ሃምሳ ያህሉን ሳይነኩ ያስቀምጡ። አዲሱ ዙር ሲመጣ ከእነዚያ አሥር፣ ከአዲሱም አሥር በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይተኩሱ።